በአንድ በር ላይ ሁለት ጠባቂ
የአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮችን ስለ መጠበቅ በሸዋ ሮቢት ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የአጥቢያውን ገንዘብና መዝገብ፣ ምእመናን በጽሕፈት ቤታችን ላይ የጣሉትንም እምነት የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዲጠብቅ የተጫነው ጸረ ቫይረስ፣ ለዚያው ጥበቃ ከተጨመረ ሌላ ፕሮግራም ጋር ሲጋጭ ምን ይደርሳል? እኛስ ምን ማድረግ ይገባናል?

ነገሩ ለሁላችን ግልጽ እንዲሆን በሁለት ቃላት ላይ እንስማማ። ብራውዘር የምንለው እንደ ክሮም፣ ፋየርፎክስና ኤጅ ያለውን፣ ድረ ገጽ የምንከፍትበትን ፕሮግራም ነው። ኤክስቴንሽን የምንለው ደግሞ በብራውዘሩ ላይ የሚቀጠለውን፣ ማስታወቂያ የሚከለክለውን ወይም የአጭበርባሪዎችን ገጽ የሚለየውን ትንሽ ፕሮግራም ነው።

ጉዳዩ ወደ ጽሕፈት ቤታችን እንዴት ገባ?

ቀደም ሲል የአጥቢያ ጽሕፈት ቤት ንብረት ሲባል ጠረጴዛ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ማኅተምና የብረት ሣጥን ነበር። ዛሬ በብዙ ስፍራ ኮምፒውተር ተጨምሯል። የምስክር ወረቀት ይጻፍበታል፤ የምእመናን ስምና ስልክ ይመዘገብበታል፤ የባንክ ሒሳብ እንቅስቃሴ ይታይበታል። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት መልእክተኛ ደብረ ሲናንና ጣርማ በርን ሳይወጣ ደብረ ብርሃን ወዳለው ሀገረ ስብከት የሚደርሰው በዚሁ ነው። ይህ ድካምን የቀነሰ መልካም ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ በስጦታ የመጣና ዕድሜው የገፋ ነው። የሚጠብቁትም ፕሮግራሞች በአንድ ሰው ዕቅድ የተመረጡ አይደሉም። አንድ በጎ አድራጊ ከአዲስ አበባ ሲልከው ጸረ ቫይረስ ጭኖበት ይልካል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ ማስታወቂያ እንዳያስቸግር ብሎ ኤክስቴንሽን ይጨምርበታል። የጥገና ባለሙያው ደግሞ ቫይረስ ሲያጸዳ ሌላ ጸረ ቫይረስ ደርቦበት ይመልሳል። ሦስቱም ያደረጉት በቅንነት ነው፤ ነገር ግን ማን ምን እንደጨመረ በመዝገብ የያዘ የለም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የባንኩ ገጽ አልከፈት ይላል፤ ወይም ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ገንዘብ ያዡ ወደ ወጣቱ ይደውላል፤ ወጣቱም «ጥበቃውን አጥፋውና ሞክር» ይለዋል። ጥበቃው ይጠፋል፤ ገጹ ይከፈታል፤ ሥራው ያልቃል። የጠፋው ጥበቃ ግን መልሶ የሚያበራው ሳያገኝ ይከርማል።

በይፋት ቆላ የማሽላ ማሳ የሚጠብቅ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ግሪሳውን እንዴት እንደሚከላከል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ትይዩ ማማ ሠርተው፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ በየአቅጣጫው ቢወነጭፉ፣ ድንጋዩ ወፉን ስቶ የባልንጀራን ማማ መምታቱ አይቀርም። በኮምፒውተሩም ላይ የሚሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም።

የታሸገው ደብዳቤና ማኅተሙ

ግጭቱ ከምን እንደሚነሣ ለመረዳት ስለ ደብዳቤና ማኅተም ማሰብ ይበቃል። የባንክን ድረ ገጽ ስንከፍት በእኛና በባንኩ መካከል የሚመላለሰው ቃል ሁሉ በፖስታ እንደታሸገ ደብዳቤ ነው። ይህ አሠራር ኤችቲቲፒኤስ ይባላል፤ በመንገድ ላይ የሚያገኘው ሌላ ሰው ሊያነበው እንዳይችል ቃሉ በምስጢር ይለወጣል። ደብዳቤው ከእውነተኛው ባንክ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሰርተፊኬት የሚባለው ማኅተም ነው። ብራውዘሩ የታወቁ ማኅተም ሰጪዎች ዝርዝር አለው፤ የመጣውን ማኅተም ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፤ ካልተስማማለት ያስጠነቅቃል።

ጸረ ቫይረሱ ከዚህ ላይ ችግር ይገጥመዋል። ፖስታው ከታሸገ በውስጡ ክፉ ነገር መኖሩን ማየት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ጸረ ቫይረሶች «የድረ ገጽ ጥበቃ» በሚሉት ክፍላቸው በኮምፒውተሩ ውስጥ በብራውዘሩና በኢንተርኔቱ መካከል ይቆማሉ። ከባንኩ የመጣውን ፖስታ ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ያነብባሉ፤ መልሰው ያሽጋሉ፤ በላዩም የባንኩን ሳይሆን የራሳቸውን ማኅተም ያደርጉበታል። ብራውዘሩ እንዳይቃወም ሲጫኑ አስቀድመው ማኅተማቸውን በኮምፒውተሩ የታማኞች ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ። ብዙ ተጠቃሚ ይህ መደረጉን ሳያውቅ ዓመታት ይጠቀማል።

ኤክስቴንሽኑ በበኩሉ የሚሠራው በሌላ ስፍራ ነው። እርሱ የሚቀመጠው ፖስታው ከተከፈተ በኋላ በብራውዘሩ ውስጥ ነው፤ የገጹን አድራሻ ከክፉ ገጾች ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ ያላመነውንም የገጹን ክፍል ቆርጦ ያስቀራል። እንግዲህ አንዱ ከደጅ፣ ሌላው ከውስጥ ሆነው አንዱን ደብዳቤ ሁለቱም ይመረምራሉ ማለት ነው።

ከዚህ ብዙ ዓይነት ግጭት ይወለዳል። አንዳንድ ጸረ ቫይረስ ለምርመራው እንዲረዳው በገጹ ውስጥ የራሱን ጽሑፍ ይጨምራል፤ ኤክስቴንሽኑ ግን ይህን ባዕድ ጽሑፍ አይቶ ሊቆርጠው ይችላል፤ ገጹም ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል። ኤክስቴንሽኑ ግንኙነቱን በሌላ መንገድ የሚያዞር ከሆነ ደግሞ ጸረ ቫይረሱ የቆመበት በር ባዶውን ይቀራል፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን የተጠበቀ ይመስለዋል። ዕድሜው በገፋና ማኅደረ ትውስታው ባነሰ ኮምፒውተር ላይ ድርብ ምርመራው እያንዳንዱን ገጽ ያዘገያል። ከሁሉም የሚከፋው ገጽ ሲዘጋ የዘጋው የትኛው እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ማን እንደዘጋው ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ያጠፋል።

በዓለም ላይ የታየ ነገር

ይህ በእኛ አካባቢ ብቻ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ ጥቂት የታወቁ ጉዳዮችን እንጥቀስ።

እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ሞዚላ የተባለው ድርጅት ፋየርፎክስ 65ን አወጣ። ወዲያውም አቫስትና ኤቪጂን የመሰሉ ጸረ ቫይረሶች ባሉባቸው የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ድረ ገጾች አልከፈት አሉ፤ በየገጹ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ምክንያቱ ቀደም ብለን የተናገርነው የማኅተም ነገር ነበር። ፋየርፎክስ የታማኞችን ዝርዝር ከዊንዶውስ ለይቶ ለብቻው ይይዛል፤ ስለዚህ የጸረ ቫይረሱን ማኅተም እንደ ባዕድ ቆጠረው። ሞዚላ ማሻሻያውን በራስ ሰር ማሠራጨቱን ለጊዜው ገታ፤ አቫስትም በፋየርፎክስ ላይ የታሸጉ ገጾችን መመርመሩን አቆመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው ፋየርፎክስ 68 እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያጋጥመው የዊንዶውስን ዝርዝር ተመልክቶ ለማስታረቅ እንዲሞክር ተደረገ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ሌባ አልገባም፤ ሁለት ታማኝ ጠባቂዎች አልተዋወቁም፤ ባለቤቱ ግን ከቤቱ ውጭ ቆሞ ዋለ።

ጉግልም በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ በዊንዶውስ ላይ ሌሎች ፕሮግራሞች በክሮም ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ሲያስገቡ ክሮም የመውደቁ ዕድል በ15 በመቶ እንደሚጨምር ገልጾ፣ ይህን አሠራር ደረጃ በደረጃ እንደሚከለክል አስታውቋል። ኮድ ከሚያስገቡት መካከል ጸረ ቫይረሶች ይገኙበታል።

ጠባቂው ራሱ የበሩን መቀርቀሪያ የሚያላላበት ጊዜም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የዩኒቨርሲቲዎች፣ የጉግል፣ የሞዚላና የክላውድፍሌር ተመራማሪዎች የጋራ ጥናት፣ እንደ መለኪያው ስፍራ ከ4 እስከ 11 በመቶ የሚሆኑት የታሸጉ ግንኙነቶች በመካከል ተከፍተው እንደሚታሸጉ አሳየ፤ ብዙዎቹም እንደገና ሲታሸጉ ከመጀመሪያው የደከመ ጥበቃ ይዘው ተገኙ። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ታቪስ ኦርማንዲ የተባለ የጉግል ተመራማሪ በካስፐርስኪ ጸረ ቫይረስ ላይ ያገኘው ጉድለት ለዚህ ምሳሌ ነው። ፕሮግራሙ ማኅተሞችን የሚለይበት ቁጥር እጅግ አጭር ስለነበር የአንዱን ገጽ ማኅተም ከሌላው ጋር ማምታታት ይቻል ነበር። ኩባንያው በታኅሣሥ ወር መጨረሻ አስተካከለው።

ኤክስቴንሽኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ይኸው ተመራማሪ ኤቪጂ ከጸረ ቫይረሱ ጋር በክሮም ላይ የሚጭነው፣ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የነበሩት ኤክስቴንሽን፣ የተጠቃሚዎችን የጉብኝት ታሪክ ለማንኛውም ድረ ገጽ የሚያጋልጥ ክፍተት እንዳለበት አሳየ። የአቫስት ኤክስቴንሽን ደግሞ ሰዎች የሚጎበኙትን ገጽ እየመዘገበ ይልክ ስለነበር በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ሞዚላ ከመደብሩ አወረደው። መረጃውን ይሸጥ የነበረው ጃምፕሾት የተባለው የአቫስት ንዑስ ኩባንያ በቀጣዩ ወር ተዘጋ፤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። የምእመናንን ስምና ስልክ የያዘ ጽሕፈት ቤት ከዚህ ሊማር ይገባዋል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ መረጃን መጠበቅ ከሥነ ምግባር አልፎ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ጸረ ቫይረስ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የተጠቀሱት ጉድለቶች ታርመዋል፤ ኩባንያዎቹም አሠራራቸውን አሻሽለዋል። ለማለት የፈለግነው ጠባቂ መጨመር ሁልጊዜ ጥበቃን መጨመር አለመሆኑን ነው።

ትልቁ ጉዳት የት ነው?

ገጽ ለአንድ ቀን ቢዘጋ ሪፖርት ይዘገያል እንጂ አጥቢያ አይጎዳም። ትልቁ ጉዳት በሰው ልማድ ላይ የሚደርሰው ነው። እረኛው ሳይመጣ «ቀበሮ መጣ» እያለ መንደሩን ሲያታልል ኖሮ፣ ቀበሮው በእውነት በመጣ ጊዜ የሚደርስለት ያጣበትን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። የሁለት ጠባቂዎች ጠብም እንዲሁ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት ማስጠንቀቂያ የሚያይ ገንዘብ ያዥ፣ በአራተኛው ሳምንት ማንበቡን ይተዋል። «የላቀ አማራጭ» የሚለውን ተጭኖ፣ «አደጋ ቢኖርም ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ ማለፍ እንደ በር መክፈት ይቀልለዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የሐሰት የባንክ ገጽ ይመጣል እንበል። በኢሜይል «ሒሳብዎ ሊታገድ ነው፤ በዚህ ገብተው ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ይደርሳል። ብራውዘሩ እንደ ሥራው ያስጠነቅቃል። ገንዘብ ያዡ ግን እጁ ለምዷልና ያልፈዋል፤ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል። ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለውኃ ጉድጓድ ወይም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ደብተር ተብሎ ከምእመናን የተሰበሰበው ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል። ሕጉ አጥፊውን ይቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለዚህ የወጣ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ማስመለስ ከመጠበቅ እጅግ ይከብዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ያዡን ብንወቅሰው ፍትሕ አይሆንም። ማስጠንቀቂያን መናቅ ያስተማርነው እኛው ነን፤ የማይስማሙ ጠባቂዎች በአንድ በር አቁመን፣ ማንኛቸው እውነት እንደተናገረ እንዲለይ ብቻውን ትተነዋል።

ድርሻን መለየት

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚል አባባል አለን፤ ታዲያ ሁለት ጠባቂ ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ባላዎች የሚተከሉት በየራሳቸው ጉድጓድ ነው። በአንድ ጉድጓድ ቢተከሉ አንዱ ሲነቃነቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

የአጥቢያችንንም ሥርዓት እንመልከት። የምጽዋት ሣጥን ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን አይከፍትም፤ ሒሳብ ሹሙ ይጽፋል፤ ገንዘብ ያዡ ይረከባል፤ ቁጥጥሩ ይመረምራል። ገንዘቡ የሚጠበቀው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለተለየ ነው። ሦስቱም እኩል ቢጽፉና ሦስቱም እኩል ቢረከቡ ኖሮ ጥበቃ ሳይሆን ጭቅጭቅ በሆነ ነበር። ለኮምፒውተሩም የምንመክረው ይህንኑ ነው።

አንደኛ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ጸረ ቫይረስ ብቻ ይኑር። ዊንዶውስ 10ና 11 ዲፌንደር የሚባል ጸረ ቫይረስ አብሯቸው ይመጣል፤ ሌላ ሲጫን እርሱ ቦታውን ይለቅቃል፤ ሌላው ሲነሣ ይመለሳል። አጥቢያው ለሌላ የሚከፍለው ገንዘብ ከሌለው ይህ በየጊዜው እየታደሰ ቢሠራ ይበቃዋል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ማብቃቱን ግን አትዘንጉ፤ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሳደግ ይገባል። «ክራክ» የተባለውን፣ ፈቃዱ የተሰበረ ጸረ ቫይረስ በፍላሽ ተቀብሎ መጫን ሌባን ዘበኛ አድርጎ እንደ መቅጠር ነው።

ሁለተኛ፣ የጸረ ቫይረሱ ድርሻ ፋይሉና ፍላሹ ይሁን። በእኛ ጽሕፈት ቤቶች ቫይረስ በብዛት የሚገባው በፍላሽ ነው፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከወጣቱ ላፕቶፕ፣ ፊደል መጻፊያውን ፕሮግራም ከሰጠን ሰው። ስለዚህ ፋይል ሲቀመጥና ሲከፈት የሚመረምረው የጸረ ቫይረሱ ክፍል ፈጽሞ አይጥፋ።

ሦስተኛ፣ የድረ ገጹ ድርሻ የብራውዘሩ ይሁን። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ኤጅ የአጭበርባሪ ገጾችን የሚለይ ጥበቃ ከራሳቸው ጋር ይዘዋል። ቀድሞ በኤክስቴንሽን ይሠራ የነበረው ዛሬ በውስጣቸው ገብቷል። ለምሳሌ «ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌር» የተባለው ታዋቂ ኤክስቴንሽን፣ ብራውዘሮቹ ራሳቸው ሥራውን ስለያዙት በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተዘግቷል። ስለዚህ ሒሳብ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ የጸረ ቫይረሱ የታሸጉ ገጾችን የመክፈት ሥራ በማስተካከያው ገብታችሁ ቢጠፋ እንመርጣለን። ይህ ሲጠፋ ከኢንተርኔት የሚወርደው ፋይል ሳይመረመር ያልፋል ወይ ብትሉ፣ አያልፍም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥና ሲከፈት የፋይሉ ጠባቂ ያገኘዋል። ጸረ ቫይረሱ ይህን ክፍል ለይቶ ማጥፋት የማይፈቅድ ከሆነ ግን ክፍሉ ይቆይ፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ኤክስቴንሽኖች ይነሡ። ዋናው ነገር ፖስታውን የሚከፍተውና የሚመረምረው አንድ መሆኑ ነው።

አራተኛ፣ ለባንክ ሥራ ብቻ የሚያገለግል አንድ ብራውዘር ይለይ፤ በእርሱም ላይ ምንም ኤክስቴንሽን አይቀጠል። ለሌላው ሥራ ሌላ ብራውዘር መጠቀም ይቻላል። በዚያም ላይ ቢሆን ለምን እንደተጨመረ የሚያስረዳ ሰው የሌለው ኤክስቴንሽን ይነሣ።

ማስጠንቀቂያ ሲወጣ

ጠባቂዎቹ ከታረቁ በኋላ ማስጠንቀቂያ ይቀንሳል፤ የሚወጣውም ክብር ያገኛል። በዚያን ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ እጅን ማቆም። በባንክ ገጽ ላይ «ቀጥል» የሚለውን መጫን በማንኛውም ምክንያት አይፈቀድ።

ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ቀን ማየት። ማኅተሞች የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ቀን አላቸው። መብራት ሲቆራረጥና በውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም አሮጌ ኮምፒውተር ቀኑን ይረሳል። ቀኑን መልሶ የሚሞላው ሰው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ሊጽፍ ይችላል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጤነኛው ማኅተም ሁሉ ገና ያልተጀመረ መስሎ ይታየዋል። ሁሉም ድረ ገጽ በአንድ ጊዜ ካስጠነቀቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር አስተካክሎ እንደገና መሞከር በቂ ይሆናል።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ማኅተሙን ማየት። ከአድራሻው በስተ ግራ ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ ሰርተፊኬቱን ስትከፍቱ የሰጠው ማን እንደሆነ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ የጸረ ቫይረሱ ስም ከተጻፈ ፖስታውን እየከፈተ ያለው እርሱ ነው፤ ጠቡም የቤት ውስጥ ጠብ ነው። የማታውቁት ስም ከሆነ ግን ገጹን ዝጉት። ደግሞም አንድ ነገር አትርሱ፤ ማኅተሙ ደህና መሆኑ ደብዳቤው በመንገድ አለመከፈቱን እንጂ የላኪውን ቅንነት አያረጋግጥም። አጭበርባሪም ለሐሰት ገጹ የራሱን ማኅተም ማግኘት ይችላል። ስለዚህ የባንኩን አድራሻ ፊደል በፊደል ማንበብ አይቀርም፤ ከኢሜይልና ከቴሌግራም በመጣ ማያያዣም ወደ ባንክ አይገባም።

በመጨረሻ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ። ያው ገጽ በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ያለ ማስጠንቀቂያ ከተከፈተ ችግሩ ምናልባት በኮምፒውተሩ ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ ወደ ባንኩ መደወል ነው፤ የሚደወለው ግን በገጹ ላይ በታየው ቁጥር ሳይሆን በባንክ ደብተሩ ላይ በታተመው፣ ወይም እዚሁ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ በአካል በመሄድ ነው።

የመዝገቡ ነገር

ከዚህ ሁሉ በላይ የምንለምናችሁ አንድ ደብተር ነው። በየኮምፒውተሩ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በመጀመሪያው ገጽ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ስም፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ፣ የጫናቸው ሰውና የተጫኑበት ቀን ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው አዲስ ነገር ሲጨምር ወይም ጥበቃ ሲያጠፋ ምክንያቱንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርም፤ መልሶ ሲያበራም እንዲሁ። ይህን የሚቆጣጠር አንድ ሰው በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይሰየም። ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም፤ ማንበብና መጠየቅ የሚችል፣ «ይህን ማን ጨመረው?» ለማለት የማያፍር ሰው ይበቃል። ወጣቶቻችንም በዚህ ብዙ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቁልፉ በወጣቱ እጅ፣ ኃላፊነቱ በሽማግሌው ትከሻ ተለያይቶ አይቅር፤ ሁለቱም ደብተሩ ላይ ይገናኙ።

በዚህ ቆላ ኔትወርክ ለቀናት ሊጠፋ እንደሚችል እናውቃለን። በተመለሰ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ኢሜይል መክፈት ሳይሆን ጸረ ቫይረሱንና ብራውዘሩን ማደስ ይሁን፤ ያልታደሰ ጠባቂ የትናንቱን ሌባ እንጂ የዛሬውን አያውቅም። ይህም በደብተሩ ላይ ይመዝገብ።

ክቡራን አባቶች፣ የተከበራችሁ የጉባኤ አባላት፤ ምእመኑ ከጤፉና ከሽንኩርቱ፣ ከማሾው ሽያጭ ቀንሶ የሚሰጠው ብር በብረት ሣጥን ብቻ የሚቀመጥበት ዘመን አልፏል። ሣጥኑን በሥርዓት የጠበቀ ጉባኤ ኮምፒውተሩንም በዚያው ሥርዓት መጠበቅ አያቅተውም። ከዚህ ስትመለሱ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሦስት ጥያቄ ብቻ አንሡ፤ በኮምፒውተራችን ላይ ስንት ጠባቂ አለ? የእያንዳንዱ ድርሻ ምንድን ነው? ጥበቃው ሲጠፋ የሚያውቅ ማን ነው? ለሦስቱም መልስ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ የዛሬው ድካማችን ፍሬ አገኘ ማለት ነው።